አዲሱ ሪሲቨርና አሮጌው ቴሌቪዥን

በዚህ የሙያ ዓምዳችን የቤት ዕቃዎችን አያያዝ በየተራ እያነሣን እንነጋገራለን። ዛሬ ደግሞ ሲሠራ ማንም ልብ የማይለውን፣ ሲጠፋ ግን «ማን ነካው?» የሚያሰኘውን ዕቃ እናነሣለን። ይኸውም የዲሽ ሪሲቨር ነው። በተለይም ፕሮግራም የሚቀርጸው አዲሱ ሪሲቨር ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንመለከታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሠሪዎችሽ ለሳሎን ስስና ሰፊ ቴሌቪዥን ይገዛሉ፤ አብሮም አዲስ ሪሲቨር ይመጣል። ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮው ቴሌቪዥን ግን ወዲያው አይጣልም። ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ልጆቹ ክፍል፣ ወደ አያትየዋ መኝታ ቤት፣ አንዳንዴም ወደ አንቺ ክፍል ይገባል። ታዲያ አዲሱን ሪሲቨር ከእርሱ ጋር ሲያገናኙት ምስሉ እምቢ ይላል፤ ወይም ያለ ቀለም ይመጣል፤ ወይም የሰው ፊት እንደ ጧፍ ይረዝማል። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንደኛው «ይህ ቴሌቪዥን አርጅቷል፣ ይጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ስታጸዳ ያበላሸችው እሷ ናት» የሚል ነው።

እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ፍርዶች ትክክል አይደሉም። አዲሱ ሪሲቨር ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ከምን ዓይነት ቴሌቪዥን ጋር እንደተገናኘ ሊነገረው ይገባል። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው። ይህን ማወቅ በሁለት በኩል ይጠቅምሻል። ባልሠራሽው ጥፋት ከመወቀስ ያድንሻል፤ ከደመወዝሽ ቆጥበሽ ለእናትሽ ዕቃ ስትልኪም ገንዘብሽ በከንቱ እንዳይቀር ይረዳሻል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነውና አብረን እንማር።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት

በቴሌቪዥን የምናየው ምስል ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች የተሠራ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሸጠው የድሮው ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን፣ ምስሉን የሚሠሩት መስመሮች 576 ናቸው። አዲሱ፣ ኤችዲ የሚባለው፣ 720 ወይም 1080 መስመር አለው። መስመሩ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል።

አዲሱ ሪሲቨር ከዲሹ የሚቀበለው ምስል 1080 መስመር ያለው ቢሆንም፣ ለአሮጌው ቴሌቪዥን ሲያቀርብለት ወደ 576 ቀንሶ ነው። አንድ እንስራ ውኃ ወደ ጣሳ ብትገለብጪ ጣሳው የሚይዘው የራሱን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ይፈስሳል። ስለዚህ አዲስ ሪሲቨር ስለተገዛ አሮጌው ቴሌቪዥን እንደ ሳሎኑ ይጠራል ብለሽ አትጠብቂ። ሆኖም ከኤችዲ ጣቢያ ተቀንሶ የሚመጣ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይታያል።

ሌላው ልዩነት የመስተዋቱ ቅርጽ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስፋቱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነው፤ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። አዲሱ ግን ስፋቱ 16 ቢሆን ቁመቱ 9 ነው። የፊት መርዘምና የጽሑፍ መቆረጥ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች እወቂ

ገመድ ከመንቀልሽ በፊት የሪሲቨሩንም የቴሌቪዥኑንም ጀርባ ተመልከቺ። አራት ዓይነት ቀዳዳ ታገኛለሽ።

አንደኛው ኤችዲኤምአይ ነው። ጠፍጣፋ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ቀዳዳ ሲሆን ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ያስተላልፋል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ይህ ቀዳዳ የለውም። ሁለተኛው ኤቪ የሚባሉት ሦስቱ ክብ ቀዳዳዎች ናቸው። ቢጫው ምስል ነው፤ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ሦስተኛው ስካርት ይባላል፤ ሰፊና ብዙ ጥርስ ያለው ነው። አራተኛው የድሮው የአንቴና ቀዳዳ ነው።

ሪሲቨሩ ሦስቱ ክብ ቀዳዳዎች ካሉት ሥራው ቀላል ነው። ቢጫውን ከቢጫ፣ ነጩን ከነጭ፣ ቀዩን ከቀይ አገናኚ። የአሮጌው ቴሌቪዥን የድምፅ ቀዳዳ አንድ ብቻ ከሆነ ነጩን ሰክተሽ ቀዩን ተዪው። ከዚያም በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ «ኤቪ» ወይም «ቪዲዮ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫኚ። እዚህ ላይ አትሳቺ፤ ይህ ቁልፍ የሚገኘው በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ነው እንጂ በሪሲቨሩ አይደለም። ገመዱ በትክክል ገብቶ ምስል የማይመጣበት አንዱ የታወቀ ምክንያት ይህ ቁልፍ ሳይነካ መቅረቱ ነው።

ሁለቱም ስካርት ካላቸው በስካርት ማገናኘት ይሻላል፤ ምስሉ በቢጫው ገመድ ከሚመጣው ሊጠራ ይችላል።

በአዳዲሶቹ ትንንሽ ሪሲቨሮች ላይ ደግሞ ሦስቱ ክብ ቀዳዳዎች ቀርተው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የመሰለ አንድ ጠባብ ቀዳዳ «ኤቪ» ተብሎ ይገኛል። ለዚህ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣው ገመድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጫፍ ቀጭን መሰኪያ፣ በሌላው ጫፍ ሦስቱ ቀለማት አሉት። ከሌላ ዕቃ የተወሰደ ተመሳሳይ ገመድ ስትሰኪ ምስል ጠፍቶ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ብቻ ቢመጣ አትደንግጪ። ፋብሪካዎች የገመዱን ውስጥ አደራደር የሚሠሩት በአንድ ዓይነት አይደለም። በቴሌቪዥኑ በኩል ቢጫውን ከቀዩ፣ ካልሆነም ከነጩ ጋር አለዋውጠሽ ሞክሪ። ይህን በማድረግሽ የሚበላሽ ነገር የለም።

ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ቢኖረውስ? ያን ጊዜ በመካከል የሚገባ መለወጫ ያስፈልጋል። የክብሪት ሣጥን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያህል ትንሽ ሣጥን ነው። ስትገዢው ሦስት ነገር ተመልከቺ። መጀመሪያ አቅጣጫውን እይ። «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» የሚለውጥ መሆን አለበት። «ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለውጠውም በመልክ ቁርጥ እርሱን ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከቶ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ይህ ሣጥን የራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በዩኤስቢ ገመድ ከሪሲቨሩ ወይም ከስልክ ቻርጀር ያገኛል። ሦስተኛ፣ በጎኑ ላይ ፓል እና ኤንቲኤስሲ የሚል ትንሽ ማዞሪያ ካለው ወደ ፓል አድርጊው። በአንድ ጫፍ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ጫፍ ሦስቱ ቀለማት ያሉት፣ መካከሉ ላይ ሣጥን የሌለው ባዶ ገመድ በርካሽ ቢሸጥልሽ ግን አትግዢ። ገመድ ብቻውን ምስልን መለወጥ አይችልም፤ ገንዘብሽ ይባክናል።

ለሪሲቨሩ የሚነገሩት ሦስት ነገሮች

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ሪሲቨሩ ውስጥ «ሴቲንግ» የሚለው ክፍል አለ። ዓረቦቹ «ኢዕዳዳት» ይሉታል። እዚያ ገብተሽ ስለ ቴሌቪዥን የሚናገረውን ቦታ ፈልጊ። ጽሑፉ በዓረብኛ ብቻ ከሆነ ከቤቱ ልጆች አንዱ ያንብብልሽ። ከመንካትሽ በፊት ግን እዚያ የነበረውን በወረቀት ላይ ጻፊ፤ ስልክ ካለሽም ፎቶ አንሺው። ይህ ልማድ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድንሻል፤ ያልሆነ ነገር ከመጣ ወደ ነበረበት ትመልሺዋለሽና።

የመጀመሪያው ነገር ሥርዓቱ ነው፤ ፓል መሆን አለበት። ኤንቲኤስሲ ላይ ከሆነ በአሮጌው ቴሌቪዥን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን፣ ወይም ወደ ላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ሊያስቸግር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዪ ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ ብለሽ አትደምድሚ።

ሁለተኛው የመስመሩ ቁጥር ነው፤ ለአሮጌው ቴሌቪዥን 576 ነው። በአንዳንድ ሪሲቨር ሪሞት ላይ «ቪ ፎርማት» ወይም «ሬዞሉሽን» የሚል ቁልፍ አለ። አንድ ጊዜ በተጫንሽው ቁጥር ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ምስል ከጠፋብሽ ቀስ ብለሽ አንድ ጊዜ ተጫኚ፤ እስከ አምስት ድረስ ቆጥረሽ ጠብቂ፤ ካልመጣ ደግመሽ ተጫኚ። እየደጋገምሽ በፍጥነት ብትጫኚው ግን ትክክለኛውን አልፈሽው ትሄጃለሽ።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። ሪሲቨሩ 16 በ9 ላይ ተስተካክሎ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ሰፊው ምስል ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ቀጭንና ረጅም ይሆናል። ስለዚህ 4 በ3 የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ ይቀርብልሻል። «ሌተር ቦክስ» የሚባለው ምስሉን ሙሉውን ያሳያል፤ ከላይና ከታች ግን ጥቁር ባዶ ቦታ ይተዋል። «ፓን ስካን» የሚባለው መስተዋቱን ይሞላል፤ ነገር ግን ከግራና ከቀኝ ያለውን ይቆርጣል። አያትየዋ ከታች የሚያልፈውን የዜና ጽሑፍ ማንበብ ከወደዱ ሌተር ቦክስ ይሻላቸዋል። ጥቁሩ ባዶ ቦታ ብልሽት አለመሆኑን አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው ደግሞ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ በኤችዲኤምአይ ለሳሎኑ፣ በሦስቱ ቀለማት ደግሞ ለሌላ ክፍል ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች የሚያሳዩት አንድ ጣቢያ ነው። አንቺ ወጥ ቤት ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን እንዲስተካከል ብለሽ ቁጥሩን ወደ 576 ብትቀንሺው የሳሎኑም ሊደበዝዝ ይችላል። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ለሦስቱ ቀለማት የሚሰጡትን ራሳቸው ስለሚቀንሱ መንካቱ ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በጋራ የሚሠራበትን ሪሲቨር ያለ ማዳም ፈቃድ አትንኪ።

ስለ መቅረጽ ጥቂት ነገር

አዲሱን ሪሲቨር ከድሮው የሚለየው ዋናው ነገር መቅረጹ ነው። አንዳንዱ በውስጡ ሃርድ ዲስክ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፍላሽ ሲሰካበት ይቀርጻል። ብዙዎች «አሮጌ ቴሌቪዥን ስላለን ቀረጻው አይሠራም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሪሲቨሩ የሚቀርጸው ከዲሹ የመጣውን እንዳለ ነው፤ ቴሌቪዥኑ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ቢበራም ባይበራም ለቀረጻው አንድ ነው። ዛሬ በአሮጌው ቴሌቪዥን እያየሽ የቀረጽሽው የኤችዲ ፕሮግራም ነገ ያ ሪሲቨር ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር ቢገናኝ በሙሉ ጥራቱ ይታያል።

የሚይዘው ቦታ ግን ይለያያል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚላክ ተራ ጣቢያ ለ1 ሰዓት 1.8 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። በ8 ሜጋቢት የሚላክ የኤችዲ ጣቢያ ደግሞ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት 32 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ከተራው ጣቢያ 17 ሰዓት ያህል፣ ከኤችዲው ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ይይዛል። ያለሽ ቴሌቪዥን አሮጌ ብቻ ከሆነና አንዱ ጣቢያ በሁለቱም ዓይነት የሚተላለፍ ከሆነ ተራውን ቅረጪ፤ ቦታ ትቆጥቢያለሽ።

ማታ ዕቃ እያጠብሽ ሳለ ያለፈሽን የአገር ቤት ድራማ ወይም መዝሙር እንዲቀርጽልሽ ልትፈልጊ ትችያለሽ፤ ተገቢ ምኞት ነው። ነገር ግን ሪሲቨሩ የአሠሪዎችሽ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ምክንያቱም አንዳንዱ ሪሲቨር ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን ቀረጻ ራሱ ያጠፋል። የአንቺ ድራማ ሲገባ የባባ የኳስ ጨዋታ ቢወጣ ጥፋቱ በአንቺ ላይ ይደፋል። ደግሞም አንድ ገመድ ብቻ የገባለት ሪሲቨር አንድ ጣቢያ እየቀረጸ ሳለ ሌሎቹን ጣቢያዎች እንደ ልብ ላያሳይ ይችላል። ሰዎቹ ጣቢያ መቀየር ሲያቅታቸው ተበላሸ ይላሉ፤ እየቀረጸ መሆኑን ንገሪያቸው። በክፍያ ከሚታይ ጣቢያ የተቀረጸ ነገር ደግሞ የሚከፈተው በዚያው ሪሲቨር ብቻ ነው፤ በፍላሽ ወደ አገር ቤት ልላከው ብትዪ አይከፈትም።

«ፎርማት» እና «ፋክቶሪ ሪሴት» የሚሉትን ቃላት በጥንቃቄ ያዣቸው። የመጀመሪያው ቀረጻውን በሙሉ ያጠፋል፤ ሁለተኛው የጣቢያዎቹን ዝርዝር ይደመስሳል። ማንም ቢያዝሽ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳትጠይቂ እሺ የሚለውን አትጫኚ።

ምስል ሲጠፋ በቅደም ተከተል ተመልከቺ

መጀመሪያ የሪሲቨሩን መብራት ተመልከቺ። መብራት ከሌለው ከሶኬቱ ነው። መብራት ካለው ቴሌቪዥኑ ኤቪ ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ቀጥሎ ገመዶቹን እስከ መጨረሻው ግፊ፤ ከቴሌቪዥን ኋላ አቧራ ስትጠርጊ ትንሽ ወጣ ብለው ሊሆን ይችላል። የሪሲቨሩ ዝርዝር እየታየ ጣቢያው ብቻ እምቢ ካለና «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ችግሩ በአንቺም፣ በአሮጌው ቴሌቪዥንም አይደለም። ከዲሹ ወይም ከዲሹ በሚመጣው ገመድ ነው። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ የሪሲቨሩ ዝርዝር በመስተዋቱ ላይ ከታየ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ተግባብተዋል ማለት ነውና።

ከዚያም ያየሽውን ተናገሪ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ዝም ማለት ጥፋትን እንደ መቀበል ይቆጠራል። ምስል ከሌለ «ማ ፊ ሱራ» በይ። ድምፅ ከሌለ «ማ ፊ ሶት»፣ የዲሹ ምልክት ከሌለ «ማ ፊ ኢሻራ» በይ። ገመድ «ሲልክ» ነው። ጠዋት ገና ሳታጸጂ ጠፍቶ ብታገኚውም ያኔውኑ ተናገሪ፤ ማታ ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ብትናገሪ ሰሚ ላታገኚ ትችያለሽ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነው።

ከኋላ ስታጸጂም ይህን ልማድ አድርጊ። የትኛው ቀለም የት እንደገባ ሳታዪ አንድም ገመድ አትንቀዪ። ባለ ሃርድ ዲስክ ሪሲቨር እየሠራ ሳለ አታንሺው፣ አታናውጪው፤ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለና ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው። ለጌጥ ተብሎ ዳንቴል ወይም ጨርቅ ከላዩ ላይ ከተደረገ አየር ያጣል፣ ይግላል፤ ይህንንም ለማዳም በትሕትና ንገሪያት።

ከዚህ አትለፊ

እህቴ፣ ሙያ ማወቅ ማለት የት ላይ ማቆም እንደሚገባም ማወቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ከቶ አታድርጊ።

የአሮጌውን ቴሌቪዥን ጀርባ አትክፈቺ። በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ሰውን ይገድላል።

ብቻሽን አትሸከሚው። የድሮው ባለ 29 ኢንች ቴሌቪዥን 40 ኪሎ ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ክብደቱም ሁሉ በመስተዋቱ በኩል ስለሆነ ወደ ፊት ይደፋል። ሁለት ሰው ይያዘው። በልጆቹ ክፍል በመሳቢያ ቁም ሣጥን ላይ ከተቀመጠ ሕፃን ሲንጠላጠል ሊወድቅበት ይችላልና ዝቅ ያለና ጠንካራ ቦታ እንዲፈለግለት አሳስቢ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ ይህ ነው። ዲሽ ለማስተካከል ብለሽ በመስኮት አትውጪ፤ በበረንዳ ብረት ላይ አትቁሚ፤ ከጣሪያም ጫፍ አትድረሺ። ቢያዝዙሽም «ማ ዓሪፍ፣ ጂብ ሙሃንዲስ» በይ፤ «አላውቅበትም፣ ባለሙያ ጥሩ» ማለት ነው። የአንድ ማታ ፕሮግራም ቢቀር ይቅር። ጠፍቶ የሚተካው ፕሮግራም ነው፤ አንቺ አትተኪም።

ለአገር ቤት ስትልኪ

ብዙዎቻችሁ ለእናት ለአባት ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር በካርጎ መላክ ትመኛላችሁ። መልካም ነው፤ ግን አስቀድማችሁ አስቡ። እናትሽ ቤት ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ጤነኛ ከሆነ አዲስ ሪሲቨር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከመግዛትሽ በፊት ግን እነዚህን ተመልከቺ።

ሪሲቨሩ ሦስቱ ክብ ቀዳዳዎች ወይም ጠባቡ የኤቪ ቀዳዳ ከነገመዱ ይኑረው። ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ መለወጫውንም አብረሽ ላኪ። በካርድና በወርኃዊ ክፍያ የሚሠራ የኩባንያ ሪሲቨር ማዳም ብትሰጥሽ ደስ አይበልሽ፤ ክፍያው ሲቋረጥ አገር ቤት ሊረባሽ የማይችል ባዶ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ነጻ ጣቢያዎችን የሚያሳየውን፣ የኤችዲ ስርጭትንም መቀበል የሚችለውን ግዢ።

በጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ጽሑፍ አንብቢ። ኢትዮጵያ 220 ቮልት ናት። በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ዘመን በቤቶች ውስጥ 127 ቮልት ይሠራበት ስለነበር እዚያ የተገዛ አሮጌ ዕቃ ለአገራችን የማይሆን ሊኖር ይችላል። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል። በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር ያለው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ በእኛ አገር ክብ ሶኬት ስለማይገባ መለወጫ መሰኪያ ጨምሪበት።

በመጨረሻም የዲሹን አቅጣጫ ጠይቂ። ቀድሞ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ7 ዲግሪ ምዕራብ ባለው ናይልሳት ላይ ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ኢትዮሳት የተባለው ስርጭት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኤንኤስኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ ተጀመረ። ናይልሳት በምዕራብ፣ ያኛው በምሥራቅ ነው። ዲሹ ወደ አንዱ ዞሮ ሳለ ሌላውን አያሳይም፤ የቱንም ያህል ውድ ሪሲቨር ብትልኪ ሪሲቨር ዲሽ አያዞርም። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ስልክ ደውለሽ ወንድምሽን ወይም እህትሽን አራት ነገር ጠይቂ። ቴሌቪዥኑ ከኋላው ምን ምን ቀዳዳ አለው? ቀለሙ ጤነኛ ነው? ዲሹ ወዴት ዞሯል? አሁን ያለው ሪሲቨር ምን አጥቶ ነው? ምናልባት የጎደለው አንድ ቢጫ ገመድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብሽ በላብሽ የመጣ ነው፤ ሻጭ ባወራልሽ ሳይሆን አንቺ ባወቅሽው ይውጣ። አሮጌው ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ አዲሱም ሁሉ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱን የሚያስማማ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ይህን ገጽ ቆርጠሽ አስቀምጪው፤ ማንበብ ለሚያዳግታት እህትሽም አንብቢላት።

እስከሚቀጥለው ዕትም በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑ።